ከረጢቱ ላይ ያለው ስም

(በቀድሞ ተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኘት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ሊቀ መንበር ደውሎ "ከአፍሪካ ነጋዴ ሴቶች ስለሚገኝ የሥራ ፈጠራና የአመራር ትምህርት ሃያ ደቂቃ ተናገሪ" ሲለኝ፣ እሺ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኩት። "ጽናት፣ በራስ መተማመን፣ ይቻላል ምናምን እያልኩ ልመለስ ወይስ የደረሰብኝን ልናገር?" አልኩት። "የደረሰብሽን" አለኝ። ስለዚህ የማወራው ስለ በርበሬ፣ ስለ ጨርቅና ስለ አንድ ስም ነው። የማነቃቂያ ንግግር ጠብቆ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚህ ግቢ በአካውንቲንግ የተመረቅኩት በ1987 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ሠራሁ። እናቴ ደግሞ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ባልትና ትሠራ ነበር። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ውጭ አገር ልጅ ላለው ጎረቤት ሁሉ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ ታዘጋጃለች። የማረቆ ዛላ በርበሬ በገባ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሳያስነጥስ የሚወጣ እንግዳ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. ሥራዬን ለቅቄ ከእሷ ጋር ገባሁ። የቢሮ ጓደኞቼ "በዲግሪሽ በርበሬ ልትቀነጥሺ ነው?" አሉኝ። አዎ፣ ቀነጠስኩ። ካፒታላችን የእናቴ ዕቁብ ነበር፤ አርባ ሰው፣ በሳምንት 200 ብር፤ ዕጣው ሲወጣላት 8,000 ብር እጃችን ገባ።

ስለ ዕቁብ አንድ ቃል ልበልና ልለፍ። ጋና ውስጥ ሱሱ ይሉታል፣ ኬንያ ቻማ፣ ደቡብ አፍሪካ ስቶክቬል። በአህጉሩ የሴት ንግድ በብዛት የቆመው በዚህ ገንዘብ ነው። እኛ ግን በፋይናንስ ትምህርታችን አራት ዓመት ሙሉ ስለ አክሲዮን ገበያ ስንማር፣ በዚያን ጊዜ አገራችን ውስጥ የአክሲዮን ገበያ አልነበረም፤ ዕቁብ ግን በየሰፈሩ ነበረ።

ሥራው አደገ። ሠላሳ አራት ሴቶች ቀጠርን። በ2001 ዓ.ም. ውጭ አገር የሚኖር አንድ ወገናችን መጣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ አሁንም ክፉ ሰው ነው አልልም። በርበሬያችንን ቀምሶ በወር ሁለት ኩንታል አዘዘ። ዓመት ሳይሞላ ወደ ሃያ ኩንታል ደረሰ። "እህቴ፣ ዕቃው ስም ያስፈልገዋል" አለኝና የእናቴን ስም አወጣንለት። የሚያምር ከረጢት እሱ ራሱ አሳትሞ ላከልን፤ የእናቴ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የሞሰብ ሥዕል። እናቴ የመጀመሪያዋን ከረጢት ሳሎን ግድግዳ ላይ ከኔ የምረቃ ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቀለቻት።

ውል አልነበረንም። የቢዝነስ ሕግ ኮርስ "ኤ" ያገኘሁ ሰው ውል አልነበረኝም! በስልክ ያዝዛል፣ እልካለሁ፣ ይከፍላል። ስምንት ዓመት አንድም ቀን አላዘገየም። እንዲህ ያለውን ሰው "ና ፈርም" ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል ብዬ አሰብኩ። ይሉኝታ ነው እንግዲህ።

በ2009 ዓ.ም. ትእዛዙ መቀነስ ጀመረ፤ ቆይቶም ቆመ። "ገበያ ቀዝቅዟል" ይለኛል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ከሰፈሯ ሱቅ አንድ ከረጢት በርበሬ ገዝታ አመጣች። ለእማዬ ስጦታ መሆኑ ነው፤ ስሟን ሱቅ ውስጥ አይታው ደስ ብሏት። እናቴ ከረጢቱን ቀደደች፣ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። "ይሄ የኔ አይደለም" አለች። በርበሬው የሌላ ሰው ነበር። ከረጢቱ ያው፣ ስሙ ያው፣ ሞሰቡም ያው። ሳጣራ ስሙ እዚያ አገር በሰውየው ድርጅት የንግድ ምልክት ሆኖ ከተመዘገበ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ታዲያ ስሜ ሰው ቤት ገብቶ ቀረ ማለት ነው?"

በ2010 ዓ.ም. ሰውየውን ፊት ለፊት ላናግረው ተነሣሁ። አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሎሜ አርፎ ወደ ኒዋርክ የሚሄድ በረራ ነበረው። ከእኛ ባች አንዱ ያን ጊዜ ሎሜ ይሠራ ስለነበር (አሁን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል) "ሦስት ቀን እኔ ጋ አርፈሽ ቂምሽን አብርደሽ ትሄጃለሽ" አለኝ። ቶጎን የማውቃት በካርታ ብቻ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ ወደ አሲጋሜ፣ ወደ ታላቁ ገበያ ወሰደኝ። ዋናው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ተቃጥሎ ስለነበር ጨርቅ ሻጮቹ በዙሪያው ባሉ ሱቆችና መንገዶች ተበትነው ነው ያገኘናቸው።

ስለ "ናና ቤንዝ" ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር። እነዚህ የሎሜ ሴቶች ናቸው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የምዕራብ አፍሪካን የሰም ህትመት ጨርቅ ንግድ በእጃቸው ያስገቡ። ጨርቁ የሚሠራው ሆላንድ ነው፤ ዋናው ፋብሪካ ቭሊስኮ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1846 የተቋቋመ። መነሻው የጃቫን ባቲክ በማሽን ማስመሰል ነበር፤ የተወደደው ግን እስያ ሳይሆን ምዕራብ አፍሪካ ሆነ። ጋና ከነፃነት በኋላ በውጭ ጨርቅ ላይ ታሪፍ ስትጥል፣ ቀረጥ ዝቅ ያለባት ሎሜ የገበያው ማዕከል ሆነች። ከናይጄሪያ፣ ከኒጀር፣ ከቡርኪና፣ ከአይቮሪ ኮስት ነጋዴ ወደ ሎሜ ይጎርፍ ጀመር።

ናና ማለት እናት፣ አያት እንደማለት ያለ የክብር መጠሪያ ነው። ቤንዝ የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መርሴዲስ ይገዙ ነበርና። መንግሥት የውጭ እንግዳ ሲመጣበት መኪናቸውን ይዋሳቸው ነበር። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ሒሳባቸው በጭንቅላታቸው ነው።

አሁን የንግድ አስተማሪዎች በደንብ ስሙኝ። እነዚህ ሴቶች ቸርቻሪ ብቻ አልነበሩም። አንዲት ትልቅ ነጋዴ አንድን ንድፍ ለብቻዋ የመሸጥ መብት ከአስመጪው ኩባንያ ትይዛለች፤ ያን ንድፍ የፈለገ በእሷ በኩል ማለፍ አለበት። የትኛው ቀለም እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደማይሄድ ለፋብሪካው መልሰው ይነግራሉ። ዛሬ የገበያ ጥናት ብለን ገንዘብ የምንከፍልበትን ሥራ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይሠሩታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስም ማውጣታቸው ነው። ጨርቁ ከፋብሪካ ሲመጣ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ስሙን የሚያወጣው ገበያው ነው። "ባሌ አቅም አለው" የሚባል አለ። "ከወጣህ እወጣለሁ" የሚባል አለ። "የጣውንቴ ዓይን" አለ። "ስድስት ካንዴላ" የሚባል ደግሞ አለ፤ የለበሰችው ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ለመያዝ አቅም አላት ማለት ነው። ስም ያልወጣለት ጨርቅ እንደ ልብ አይሸጥም። ዋጋውን የሚሠራው ስሙ ነበር፤ ስሙን የሚሠሩት ደግሞ እነሱ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 1994 የሴኤፍኤ ፍራንክ ምንዛሪ በግማሽ ወረደ። ለአንድ የፈረንሳይ ፍራንክ 50 ይከፈል የነበረው በአንድ ሌሊት 100 ሆነ። የሆላንዱ ጨርቅ ዋጋ እጥፍ ሄደ፤ ገዢው አብሮ እጥፍ አልሄደም። (በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የእኛ ብር ሲለቀቅ ዕቃ በመንገድ ላይ የነበረው ሁሉ ይህን ሳልነግረው ይገባዋል።) ቀጥሎ ቻይና ውስጥ የተሠራ ማስመሰያ በርካሽ ገባ። ኩባንያው ራሱም ውሎ አድሮ በምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የራሱን ሱቆች ከፈተ። የናናዎቹ ሴት ልጆችና የልጅ ልጆች "ናኔት" ተብለው፣ እነሱም ቻይና ድረስ እየሄዱ ጨርቅ ያሳትሙ ጀመር።

ጓደኛዬ የወሰደኝ ከድሮዎቹ አንዷ ወደነበሩ ሴትዮ ሱቅ ነበር። ዕድሜያቸው ከእናቴ ጋር ይቀራረባል። የልጅ ልጃቸው እንግሊዝኛ ይችል ስለነበር እያስተረጎምኩ የራሴን ታሪክ ነገርኳቸው፤ በርበሬውን፣ ከረጢቱን፣ የእናቴን ስም። ሳልጨርስ ተነሡ። ከመደርደሪያው አንድ ጨርቅ አውርደው ዘረጉልኝ። መሐሉን በእጃቸው እየዳሰሱ ስሙን ነገሩኝ፤ ስሙን ያወጡት እናታቸው እንደሆኑም ነገሩኝ። ከዚያ የጨርቁን ዳር ያዙና ወደ ዓይኔ አስጠጉት። እኛ በሸማ ላይ ጥለት በምናስገባበት ቦታ፣ ጫፉ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል የፋብሪካው ስም ታትሟል። ከዳር እስከ ዳር፣ እየተደጋገመ። "የእኛ ስም በሰው አፍ ላይ ነው ያለው፤ የእነሱ ግን ጨርቁ ላይ" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ሻይ አምጥተው ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ።

እዚያ ቁጭ ብዬ የገባኝን ልንገራችሁ። በየሥልጠናው የአፍሪካ ነጋዴ ሴት የሚጎድላት በራስ መተማመን ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የናና ቤንዝ ሴቶች በራስ መተማመን ጎድሏቸው ነበር? ኧረ በፍጹም! የገበያ ዕውቀት ጎደላቸው? ካፒታል ጎደላቸው? አንዱም አልጎደላቸውም። አንድ ንድፍ ለብቻ የመያዝ መብታቸው ግን ሌላው የሰጣቸው፣ ሌላው ሊወስደው የሚችል መብት ነበር። ያወጡት ስም ንብረት ሆኖ የተጻፈበት ወረቀት የለም።

አሜሪካ ሄድኩ። ሰውየው ቤቱ ወስዶ ምሳ ጋበዘኝ። "ገበያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ ከረጢት አሳትሜ፣ ኪሳራ ችዬ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይህም ውሸት አይደለም። የእናቴ ስም ግን የእናቴ ነው አልኩት። ዝም አለ። ያማከርኩት ጠበቃ ክርክሩ የሚያስወጣኝን ሲነግረኝ ከአንድ ዓመት ትርፌ በላይ ሆነብኝ። ተመለስኩ።

ስመለስ ሳስበው፣ አገራችንም በዚሁ መንገድ አልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ከስታርባክስ ጋር ያደረገችውን ሙግት ታስታውሳላችሁ፤ በ2007 በስምምነት ነው ያለቀው። ያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ አንብቤ አጨብጭቤያለሁ። የኔን በርበሬ ይመለከታል ብዬ ግን ለአንድ ደቂቃ አላሰብኩም። የንግድ ምልክት አዋጃችንም፣ አዋጅ ቁጥር 501/1998፣ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት የወጣ ነው። በዚያ ላይ የንግድ ምልክት የየአገሩ ነገር ነው፤ እዚህ ማስመዝገብ እዚያ አያስጥልም። በምትሸጡበት አገር ነው መመዝገብ ያለበት።

ሌሎችን ደግሞ መከታተል ጀመርኩ። ናይቫሻ፣ ኬንያ ውስጥ ታቢታ ካራንጃ አለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከባሏ ጋር ወይን ጠጅ በመጥመቅ ጀመረች፤ ኬሮቼ ይባላል። በ2007 መንግሥት በዚያ ዓይነት ወይን ላይ ከባድ ታክስ ጣለና ዋና ምርቷ ከገበያ ወጣ። በዓመቱ ቢራ ይዛ ብቅ አለች፤ አንድ ትልቅ ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት ብቻውን በያዘው ገበያ ማለት ነው። ከታክስ ባለሥልጣኑ ጋር ያላት ክርክር ብዙ ዓመት የፈጀ ነው። በ2022 ሴናተር ሆናለች፤ ምናልባት ሕጉ ወደሚጻፍበት ቤት መግባት ይሻላል ብላ ይሆናል፤ ይህ የኔ ግምት ነው።

ከቤታችን ደግሞ ቤተልሔም ጥላሁን። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ዘነበወርቅ፣ በአያቷ ግቢ ውስጥ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሶል ሬብልስን ጀመረች። በረባሶን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከጎማ የሚሠራ የድሃ ጫማ ብለን ንቀነው ነበር። እሷ ያንኑ የጎማ ሶልና በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወስዳ ለዓለም ገበያ ሸጠች። ስለ እሷ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሽልማቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከመጀመሪያው በራሷ ስም መሸጧ ነው። ለሌላ ኩባንያ መለያ ሰፍታ መስጠት ይቀላት ነበር። ትእዛዙም ቶሎ ይመጣላት ነበር፤ ለኔ የመጣልኝ እንደዚያ ነው።

አሁን ስለ አመራር። እዚህ ላይ የምኮራበት ነገር የለኝም። ትእዛዙ ሲቆም ለሠራተኞቼ ለሁለት ወር ደበቅኳቸው። ደመወዝ ከቁጠባዬ እየከፈልኩ "ሁሉ ነገር ደኅና ነው" እላለሁ። መሪ ማለት ጭንቀቱን ብቻውን የሚሸከም ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ የት እንደተማርኩት አላውቅም። መጨረሻ ላይ ሰብስቤ ነገርኳቸው። ከእናቴ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ በርበሬ ስትቀነጥስ የኖረች እናት እንዲህ አለችኝ፤ "አንቺ ልጅ፣ እኛ እኮ ካወቅን ቆየን። የጆንያው ቁጥር ሲቀንስ ማን ያጣዋል? አንቺ እስክትነግሪን ነበር የምንጠብቅ።" ሥራውን በፈረቃ እናድርገውና ማንም አይባረር ያሉት እነሱ ናቸው። ያም ሆኖ አሥራ አንዱ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ የቤት ኪራይ ፈረቃ አያውቅም።

አዲሱን ስም የመረጡት የቀሩት ናቸው፤ በድምፅ ብልጫ። እኔ የደገፍኩት ስም ተሸነፈ። እዚህም፣ በምንሸጥባቸው ሁለት አገሮችም አስመዘገብነው። ከዚያ ደግሞ ሙያውን መጻፍ ነበረብን። ይሄ ከሁሉም ከበደኝ። እናቴን "ለአንድ ፈረሱላ በርበሬ ኮረሪማው ስንት ነው?" ስላት "እንደ በርበሬው ነዋ" ትለኛለች። በሶብላው? "አይተሽ።" ሚዛን አቅርቤ እፍኟን ሳስመዝናት ተቆጣች፤ "እጄን ልትከሺው ነው?" አለች። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አሁን ደብተሩ አለ፣ በግራም የተጻፈ፣ እሷ የፈረመችበት። ያን ደብተር ለማንም አላሳይም፤ ለዚህ ስብሰባም ጭምር።

ወደ ልመናዬ ልምጣ፤ ያለ ልመና እዚህ መድረክ ላይ የወጣ ሰው የለም መቼም። ማኅበራችን የዓመቱ ምርጥ ሴት ሥራ ፈጣሪ የሚል ሽልማት ሊያቋቁም እንዳሰበ ሰምቻለሁ። ዋንጫ አትስጡን። በዚያ ገንዘብ በወር አንድ ቅዳሜ ይህን አዳራሽ ክፈቱት። የሕግ ትምህርት ክፍል መምህራንና አራተኛ ዓመት ተማሪዎች ይቀመጡ፤ ባልትና የምትሠራ፣ ጥልፍ የምትጠልፍ፣ ሸማ የምታሠራ፣ ቅቤ የምታነግድ ሴት ያላትን ወረቀት ይዛ ትምጣ። ወረቀት የሌላትም ትምጣ፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ከገዢዋ ጋር ውል ይጻፍላት፣ ስሟ የት መመዝገብ እንዳለበት ይነገራት። እኔ በ2001 ዓ.ም. ከዚህ ግቢ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነበርኩ። የሚያስፈልገኝም የአንድ ገጽ ውል ነበር።

ለንግድ ትምህርት ክፍል ደግሞ የማበረክተው አለኝ። በእኛ ጊዜ የተማርናቸው የኩባንያ ታሪኮች በሙሉ የአሜሪካና የጃፓን ነበሩ። የስምንት ዓመት ደረሰኞቼን፣ የተጻጻፍናቸውን ኢሜይሎች፣ የጠበቃውን ደብዳቤ፣ የከሰርኩበትን ዓመት ሒሳብ መዝገብ ጭምር፣ የሰውየውን ስም አጥፍቼ፣ በዚህ ሰማያዊ ፋይል አድርጌ አምጥቻለሁ። ተማሪዎች ቁጭ ብለው የት ላይ እንደተሳሳትኩ ይፈልጉ። ከዘረዘርኩት የሚበልጥ ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ።

ፋይሉን ከዚህ ስወርድ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እሰጣለሁ። ውስጡ አንድ ባዶ ከረጢት አለ፣ ሞሰብ ያለበት። እሱን ኮፒ አድርጋችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ፤ ከእናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተውሼው ነው የመጣሁት፣ እስከ ማታ እመልሳለሁ ብያታለሁ።